ላይ አምባ ውሃ የሚደርሰው ሊነጋ ሲል ነው

አምና ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ድፎ ዳቦ አስቆርሶ፣ ጃኬት አልብሶ ሸኘኝ። ጃኬቱ ትከሻው ላይ ትንሽ ይሰፋኛል፤ ግን ደኅና ጃኬት ነው። ከዚያ ወዲህ ደብረ ታቦር ልጄ ቤት ነኝ። ሰው ሲያገኘኝ «ሥራህ ምን ነበር?» ይለኛል። «ቧንቧ መክፈትና መዝጋት» እላለሁ። እውነት ነው። «ኮምፒውተርም ትሠራ ነበር አሉ» የሚሉኝ አሉ። እሱም እውነት ነው። ሁለቱ እንዴት እንደተገናኙ ግን መንገድ ላይ ቁመው የሚጨርሱት ወሬ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና፣ አጻጻፌ ከተንገዳገደ አንባቢ ይደግፈኝ።

ሥራ የጀመርሁት ሐሙሲት ነው፣ በቁፋሮ። የቧንቧ ቦይ እንቆፍራለን፤ በገበያ ቀን የቆፈርነውን አህያ እየገባበት ይንደዋል። አለቃችን ጢማም የወሎ ሰው ነበር። ሠራተኛ ላይ ጮኾ አያውቅም፤ አህያ ላይ ግን ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል። «ሰው ከጮኹበት ያኮርፋል፤ አህያ አታኮርፍም» ይል ነበር። ከዚያ ወንዛዬ ተመደብሁ፣ ፍል ውሃው አጠገብ። እዚያ የተማርሁት፣ ቧንቧ ከላይ ሲያዩት ደኅና መስሎ ውስጡን ድንጋይ እንደሚያበቅል ነው። ስንቆርጠው ቀዳዳው ጣት አያስገባም። ከዚያ ወዲህ የአንድ ነገር ላዩን አይቼ «ደኅና ነው» ማለት ትቻለሁ። ደሞዙ ትንሽ ነበር፣ ግን በወቅቱ ይደርሳል፤ ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በመጨረሻ የተዛወርሁት ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው በኩል ወዳለች አንዲት የደጋ ከተማ ነው። ስሟን ልተወው፤ የሚያውቃት ያውቃታል። የሸበትሁት እዚያ ነው።

ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት። ውሃው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ በፈረቃ ይታደላል፤ ዛሬ ላይ አምባ፣ ነገ ገበያ ሰፈር፣ ከነገ ወዲያ ታች መስክ እያለ ይዞራል። ገበያ ሰፈርና ታች መስክ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ቫልቩን እንደከፈትህላቸው ውሃው እየሮጠ ይደርስላቸዋል። ላይ አምባ ግን እንደ ስሙ ነው። የታችኞቹን ቫልቮች በቅደም ተከተል ዘግተህ ጠዋት ብትከፍትለትም፣ ቀን ቀን በየመንገዱ ያለው ሰው እየቀዳ ግፊቱን ይበላዋል። ሰው ሲተኛ ነው ውሃው ዳገቱን የሚጀምር። እያዘገመ ወጥቶ ዶሮ ሲጮኽ ይደርሳል፤ ከዚያ ጠዋት ተራው ተለውጦ ቫልቩ እስኪዘጋ የሰዉን ታንከር ሁሉ ይሞላል። ይኼን ያልያዘ ሰው ከዚህ በኋላ የምለው አይገባውም፤ የላይ አምባ ተራ ከንጋት እስከ ንጋት ነው፣ ውሃውን የሚያገኝ ግን በመጨረሻዋ ሰዓት ነው።

እዚያ ነው ጋሼ አስማማውን ያገኘኋቸው። ቀድሞ የሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ አስተማሪ ነበሩ፤ ወደ እኛ የመጡት የጥገና ኃላፊ ሁነው ነው። በመጡ ሰሞን ጠሩኝ።

«ውቤ፣ ይኼን ፈረቃ የሚያውቀው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«የት ተጽፎ አለ?»

«ኧረ የትም። ራሴ ውስጥ ነው።»

«አንተ የታመምህ ለታ ከተማው ምን ይጠጣ?»

«የታመምሁ ለታማ እኔስ መች እጠጣለሁ?» ብል ሣቁ። በማግስቱ ጫማቸውን አጥብቀው መጡና ከቫልቭ ቫልቭ እየዞርን እኔ ስናገር እሳቸው ሲሰሙ ዋልን።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጡ። ፐርል በሚሉት ቋንቋ ትንንሽ የትእዛዝ ጽሑፎች ይጽፋሉ፤ ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እያነበበ የተባለውን ይሠራል። ጽሑፉን በክፍል በክፍል አድርገው፣ አንዱ ሌላውን እንዲጠራ አድርገው ሠሩት። ክፍሎቹን ሞጁል ይሏቸዋል። አንዱ ሞጁል ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ይናገራል፣ አንዱ ተራው የማን እንደሆነ ይቆጥራል፣ አንዱ የትኛው ቫልቭ ቀድሞ እንደሚዘጋ ይዘረዝራል፣ አንዱ በአማርኛ አትሞ ያወጣል። ማሽኑ ተራ ሲቀይር የሌሊት ተረኛው ተራው ያለቀበትን ሰፈር ይዘጋል፤ የባለ ተራውን ጠዋት የምከፍት እኔ ነበርሁ። የሰፈሩ ታቦት የሚነግሥ ለታ ተራው ለዚያ ሰፈር እንዲሆን፣ ለዒድም እንዲሁ እንዲደረግ ሌላ ሞጁል ነበረው። የዒዱን ቀን በየዓመቱ መስጊድ ሄጄ የምጠይቅ እኔ ነበርሁ። «ጨረቃዋን ጠይቃት፣ እኛን ምን ትለናለህ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ጋሼ አስማማው አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የጻፉትን መስመር ጮኽ ብለው ሳያነቡ ማሽኑ እንዲያነበው አይፈቅዱም። «ጆሮ ያልተቀበለውን ማሽን አይቀበለውም» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እንግሊዝኛው አይገባኝም ነበር፤ ዜማው ግን ቀስ በቀስ ገባኝ፣ ልክ ደብተራ ሲያዜም ግእዙ ሳይገባን ዜማው እንደሚገባን። ሲሳሳቱም መስመሩን አይፋቁትም፤ ከፊቱ ምልክት አድርገው ይዘጉትና አዲሱን ከበታቹ ይጽፋሉ። «የተዘጋ ቫልቭ ተነቅሎ አይጣልም» ይሉኛል፣ በእኔው ሥራ እየመሰሉ።

ከሁሉ የምወድላቸው ግን «አንድ በር» የሚሉት ነገር ነው። ከሞጁሎቹ አንዱም ቢሆን ቀኑን በቀጥታ ከማሽኑ አይጠይቅም። ሁሉም «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ሲሉ የሚሄዱት ወደዚያ ቀን ወደሚናገረው ሞጁል ብቻ ነው። «ለምን ይንከራተታሉ ጋሼ? እያንዳንዱ ራሱ አይጠይቅም?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ዋናው ቫልቭ ለምን አንድ ሆነ?» አሉኝ መልሰው።

«ሲበላሽ የት እንደምንሄድ እንድናውቅ።»

«በቃ፣ ራስህ መለስኸው።»

እንዲህ እንዲህ እያልን በአንድ ጣት መተየብ ተማርሁ። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ደብረ ታቦር ሲገቡ ማሽኑ ለእኔ ቀረ። በኋላ ዓይናቸው ደከመ፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ሆነ።

እኔም ለጡረታ ስቃረብ አሮጌው ኮምፒውተር ሲነሣ እንደ አስም በሽተኛ የሚያቃስት ሆነ። አዲሷ ኃላፊያችን ትዕግሥት ትባላለች፤ መሐንዲስ ናት፣ ልጅ ናት፣ ሰው አክባሪ ናት። «አንቺ ካላሉኝ አልሰማዎትም» ብላ ስለገዘተችኝ አንቺ እላታለሁ። አዲስ ኮምፒውተር ከአዲስ ዊንዶውስ ጋር አስመጣችና፣ «ጋሽ ውበቱ፣ ሞጁሎቹን ወደዚህ እናሻግራቸው» አለችኝ።

በፍላሽ ገልብጠን ብንወስዳቸው አንዱም አልነሣ አለ። እኔ በቧንቧ ነው የገባኝ። የድሮው የብረት ቧንቧ በኢንች ነው፣ ያሁኑ ፕላስቲክ በሚሊሜትር። ሁለቱም ውሃ ያሳልፋሉ፤ ጥርሳቸው ግን አይገናኝም፣ መሐሉ ማጋጠሚያ ይፈልጋል። አንዱ ሞጁል ጓደኛውን አሮጌው ዊንዶውስ በሚያስቀምጥበት ቦታ ይፈልጋል፤ ጎረቤቱ ቤት መቀየሩን ሳይሰማ የድሮውን በር እንደሚያንኳኳ ሰው ማለት ነው። አዲሱን አድራሻ ነገርነው። አንዱ ለአሮጌው ማሽን ብቻ የተሠራ ነበርና ትዕግሥት ፈልጋ ፈልጋ በሌላ ተካችው። ኅትመቱ ደግሞ አሳቀን፤ «ላይ አምባ» ይወጣል ብለን ስንጠብቅ የፈረንጅ ፊደልና ቅንፍ ተደባልቆ ወጣ። የዚያ ዘመን የአማርኛ ፊደል፣ የፈረንጅ ፊደል ላይ አማርኛ ቀሚስ የለበሰ ነበር አለችኝ። አዲሱ ቀሚሱን አያውቀውም። ፊደል በፊደል እያገናዘብን ወደ አዲሱ አሻገርነው። እኔ እንደ ጋሼ መስመሩን ጮኽ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

በመጨረሻ ወረቀቱ ጥርት ባለ አማርኛ ወጣ። አሮጌውን ማሽን አጠፋነው። የቢሮው ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ከዚያ ላይ አምባ ውሃ ጠፋ።

መጀመሪያ አላመንንም። ተራው በወረቀቱ ላይ አለ። ጠዋት ቫልቩን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ታች መስክ ምንም አላለም፣ ገበያ ሰፈር ምንም አላለም። ላይ አምባ ግን አንድ ተራ አለፈው፣ ሁለተኛም አለፈው። በሦስተኛው ሰዒዳ ሳፋ ተሸክማ ቢሮ መጣች።

ሰዒዳ ዐረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች የላይ አምባ ልጅ ናት። በላብዋ ሁለት ትልልቅ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይዛ መጥታ፣ በአባቷ ቤት ላውንደሪ ከፍታለች። የሆቴሎቹ አንሶላ፣ የሙሽራው ሱፍ፣ የሰዉ ብርድ ልብስ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው። ሳፋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ውስጡ ሳሙና የጠጣ አንሶላ ነው።

«ጋሽ ውበቱ፣ ይኼን ያዩታል? ከነሳሙናው ደረቀ። ታጥቧል እንዳልል አልታጠበም፤ አልታጠበም እንዳልል ሳሙና ይሸታል። ለሆቴሉ ምን ልበለው? ሽቶ ነው ልበለው?»

«ልጄ፣ ቫልቩን እኮ ከፍቻለሁ።»

«ከከፈቱት ውሃው የት ሄደ? ሸሸ?»

ትዕግሥት ከውስጥ ወጥታ ሰማቻት። አዘነች፤ ቁጭ በይ አለቻት። ከዚያ የምታስበውን ነገረችን። ውሃው ላይ አምባ ድረስ ካልወጣ፣ ሰፈሩን ከፈረቃው አውጥታ በሳምንት አንድ ቀን በቦቴ ልታዳርስ ነው። ሕዝብ ከሚጠማ ብላ ነው፤ ክፋት የለበትም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ቦቴው ይጀምራል አለች።

ሰዒዳ ሳፋዋን አነሣች። «ቦቴ ለሻይ ይሆናል፣ ኢንጂነር። ለእኔ ማሽኖች አይሆንም። እነሱ እንደ ግመል አንዴ ጠጥተው ሳምንት አይቆዩም» ብላ ወጣች። ቀልዳ ነው የወጣች፤ በር ላይ ስትደርስ ግን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስትወስድ አየኋት። ወደ ዐረብ አገር ተመልሳ ልትሄድ ነው የሚል ወሬ በዚያው ሳምንት ሰማሁ።

እኔም ቧንቧውን ሁሉ ፈተሽሁ። ያፈሰሰ የለም። ከትዕግሥት ጋር ሞጁሎቹን አንድ በአንድ አነበብን፤ የጎደለ የለም። ውሃ መንገድ ላይ የሚያፈስ ቧንቧ አይቻለሁ እንጂ፣ ራሱ ሳይጎድል የሚያጎድል ነገር አይቼ አላውቅም። ወንዛዬ የተማርሁት ነገር ትዝ ብሎኝ ወደ ሰዒዳ ቤት ወጣሁ፤ ቢሮ ሁኜ የማየው ላዩን ብቻ ነው ብዬ።

ማሽኖቿን በጨርቅ ሸፍናቸዋለች። ወንበር ሰጠችኝና ትናገር ጀመር።

«ለሱብሂ ሶላት፣ ሊነጋ ሲል ስነሣ ቧንቧው ይተነፍሳል፣ ጋሽ ውበቱ። ዱሮ በዚያ ሰዓት ነበር ውሃው ግር ብሎ የሚመጣ። አሁን ነፋስ ብቻ ነው፣ ቱፍ ቱፍ ይልና ዝም። የሌሊቱ ሰውዬ ቀድሞ ዘግቶታል።»

«ማን ነው የሚዘጋው? ተራው እኮ እስኪነጋ የእናንተ ነው።»

«የእናንተው ተረኛ ነዋ! ቫልቩ ከአጥሬ ሥር አይደል? ወጥቼ ጠየቅሁት። ‹ቀኑ ተለውጧል፣ ማሽኑ ገበያ ሰፈር ይላል› አለኝ። በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ምኑ ነው የተለወጠው? ለእኛ ቀን የሚገባው በመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ለእናንተ ሲነጋ ነው። ያ ኮምፒውተራችሁ የማን ሃይማኖት ነው?»

ሣቅሁ። «የፈረንጅ ነዋ፤ ለፈረንጅ ቀኑ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚለወጥ።»

«አሮጌውስ የፈረንጅ አልነበረ?»

ሣቄ ቆመ። አሮጌውም የፈረንጅ ነበር።

የሌሊቱን ተረኛ ስጠይቀው እውነቷን ነው። አሮጌው ማሽን ሲነጋ ነበር ተራ የሚቀይር፤ አዲሱ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሆን ይቀይራል። አዲስ መመሪያ የወጣ መስሎት እንደታዘዘው ይዘጋል። ለሌሎቹ ሰፈሮች ምንም አያጎድልባቸውም፣ ውሃቸው ቀድሞ ስለሚደርስ። ላይ አምባ ግን ውሃው ዳገቱ መሐል ላይ ሲደርስ ይዘጋበታል። ምን እንደሆነ አወቅን፤ ለምን አሮጌው እንደዚያ እንዳላደረገ ግን እኔም ትዕግሥትም አላወቅንም። ያንን ሳናውቅ ብንነካካው ሌላ እንዳናበላሽ ፈራን። በማግስቱ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ወረድሁ።

ጋሼ አስማማው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ድምፄን ሲሰሙ «ውቤ! ምን ተበላሸ?» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ለሰላምታ አልመጣም?»

«ለሰላምታ የምትመጣው በጥምቀት ነው።»

ሁሉንም ነገርኋቸው፣ የሰዒዳን ጥያቄም ጨምሬ። በሰዒዳ ነገር እንደሚሥቁ ጠብቄ ነበር። አልሣቁም። ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

«የአሮጌውን ማሽን ሰዓት የሞላው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«በማን ሰዓት?»

«በእኛ ነዋ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ይላል።»

«አየህ?» አሉኝ። «ለማሽኑ ቀን የሚለወጠው ሰዓቱ ዜሮ ሲል ነው። በእኛ ሰዓት ስሞላው ዜሮው የት ላይ ዋለ? ንጋት አሥራ ሁለት ላይ። እሱ ሳያውቅ እንደ እኛ ሲነጋ ቀን የሚቀይር ሆነ።» ከዚያ ነው የሣቁት፣ እስኪያስላቸው። «ይኼን ያህል ዓመት ቁጭ ብዬ ለማንም አልተናገርሁ። ማን ይጠይቀኛል? እዚህ አገር ‹ቀን ሲነጋ ነው እንዴ የሚጀምር?› ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? የሰዒዳ ቀን በሌላ ሰዓት ባይገባ እሷም አትጠይቅም ነበር።»

ለትዕግሥት ስልክ ደወልንላት። የአዲሱን ማሽን ሰዓት በእኛ እንሙላው አልኋት። እሱ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ነው የሚወስደው፣ ብንለውጠውም ራሱ ይመልሰዋል፣ ባይመልሰውም ሒሳብ ክፍሉ ይታመሳል አለች። ጋሼ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«ልጄ፣ ሰዓቱን አትንኪው። በሩ አንድ ነው። ቀን የሚናገረውን ሞጁል ክፈቺ፤ ማሽኑ የሰጠሽን ሰዓት ተቀበዪ፣ ስድስት ሰዓት ቀንሺለት፣ ከዚያ ቀኑን ጠይቂ። የድሮውን መስመር አትፋቂው፤ ዝጊው።»

መስመሩን ጽፋ በስልክ አነበበችላቸው። ጆሮአቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው ሁለት ጊዜ አስደገሟትና «ይሁን» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ውሃው ሳይፈስ ለማንም እንዳታወሩ» አሉኝ።

የላይ አምባ ተራ እስኪደርስ ለሰዒዳ አልነገርኋትም። እሷ ግን ፊቴን አይታ ጠርጥራለች መሰለኝ፣ ሦስት በርሜል አጥባ ደጅ ደርድራ ነበር። ተራው በገባ ማግስት፣ ገና ሰማዩ ግራጫ ሳለ፣ ጋሼ አስማማውን ክንዳቸውን ይዤ ዳገቱን ወጣን። ከዋዜማው እኔ ዘንድ አድረው ነው፤ እምቢ ቢሏቸው አይቀሩም ነበር። ትዕግሥትም በሞተር መጥታለች።

ከአጥሩ ውጭ ሳለን ሰማነው። በርሜል ሲሞላ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሁለቱ ሞልተው ሦስተኛው እየቀጠነ ነበር። ውስጥ ሁለቱም ማሽኖች ይዞራሉ። ሰዒዳ እስከ ክርኗ አረፋ ሁና ወጣች፤ ተናገረችም፣ አለቀሰችም፣ የትኛው ቀድሞ እንደሆነ አላውቅም። «ወላሂ ለሱብሂ ስነሣ ጀምሯል!» ትላለች። ትዕግሥት ስልኳን አውጥታ ለመኪና ክፍሉ ደወለች። «የላይ አምባው ቦቴ ይቅር» ስትል ሰማሁ፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ እጇን በርሜሉ ውስጥ ነከረች።

ሰዒዳ ጋሼ አስማማውን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

«ይኼ ጋቢ መቼ ነው የታጠበ?»

«ምን አገባሽ? እኔ አላየውም።»

«እኛ እናየዋለን። ያውልቁት።»

«ቅዝቃዜው ይገድለኛል፣ አንቺ ልጅ!»

«አይገድልዎትም» ብላ ከትከሻቸው ገፈፈችውና ወደ ማሽኑ ሄደች። ከመደርደሪያ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ አውርዳ አለበሰቻቸው። «የሙሽራ ነው፤ እንዳያቆሽሹት፣ ቅዳሜ ይፈለጋል።»

ጋሼ በሙሽራ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ማሽኑ ጋቢያቸውን እያዞረ ሲያጥብ እስኪጨርስ ድረስ ቁጭ ብለው ሰሙት።